የእማማ አጸደ ጋቢ በቃሬዛው ላይ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ «ቶሎ በይ ጽጌ፣ ሰዓት ሄደ» እያሉ ሲያዋክቡኝ ኖረው፣ መቸኮል ባቆምሁበት ቀን ሰዓት ይሰጡኛል። ይህንኑ ብነግራቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። መርፌ ያስቀመጥሁት ወድጄ እንዳይመስላችሁ። ዓይኔ ደክሞ ክሩን በቀዳዳው ሳይሆን በመርፌው ጎን ማሳለፍ ስጀምር ነው በቃኝ ያልሁት።

በዚያው ግብዣ ላይ አንዲት ወጣት ተዋናይት ጠጋ ብላ፣ «እትዬ ጽጌ፣ በሥራ ዘመንዎ ካለበሱት ልብስ ሁሉ የሚኮሩበት የቱ ነው?» አለችኝ። ጠረጴዛውን የከበቡት ሁሉ በወርቅ ክር የጠለፍሁትን የንጉሥ ካባ እንደምጠራ እርግጠኛ ነበሩ።

«አንድ አሮጌ ጋቢ ነው። የፈተልሁትም እኔ አይደለሁም፣ የሸመነውም ሌላ ሰው ነው» አልኋት። የቀለድሁ መስሏቸው አጨበጨቡ። ስላልቀለድሁ ነው ይህን መጻፌ።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። እኛ ዘንድ ልብስ መጀመሪያ ብርድ ይመልስ፣ ማማሩ ከዚያ በኋላ ይጠየቃል። ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ እናቴ ጋሽ ደስታ ከሚባሉ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ እንድማር አስገባችኝ። ሱቃቸው ከአውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ሳይጠመጥሙ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሄደው አያውቁም እየተባሉ ይታማሉ።

ጋሽ ደስታ ሁለት ዐመል ነበራቸው። አንደኛው፣ ማንኛውንም ልብስ ሲያዩ መጀመሪያ ገልብጠው ውስጡን መመርመር ነው። «ውጩንማ ማንም ያሳምረዋል» ይላሉ። ሁለተኛው ዐመላቸው ሰፈሩን ሁሉ ያስቅ ነበር። አንድ ልብስ ተሰፍቶ ሲያልቅ፣ ባለቤቱ ከመምጣቱ በፊት፣ በራፉ ላይ ካለው ምስማር ይሰቅሉታል። ከዚያ በርጩማቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ይቀመጡና መንገደኛ የሚለውን ያዳምጣሉ። ዞረው አያዩም፤ ማዳመጥ ብቻ። «ባለቤቱማ የከፈለበት ስለሆነ ያምርበታል። ልብስ የሚያነበው አላፊ አግዳሚ ነው» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ለአንድ ዳኛ የሰፋነውን ኮት ሰቀልን። እጅጌውን የገጠምሁት እኔ ነኝና ደረቴን ነፍቼ ቆሜአለሁ። ሁለት ሴቶች ሲያልፉ አንደኛዋ፣ «የየትኛው ሆቴል አስተናጋጅ ኮት ይሆን?» አለች። ጋሽ ደስታ ሳይዞሩ፣ «ፍቺው» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሴትዮዋ ስለ ልብስ ምን ታውቃለች?»

«ምንም አታውቅም። ለዚህ ነው የማምናት።»

እያለቀስሁ ፈታሁት። ኮቱ ሦስተኛ ጊዜ ሲሰቀል አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ «እንደምን ዋሉ» ብሎት አለፈ። ለኮቱ ነው እኮ ሰላምታ የሰጠው። የጋሽ ደስታን ጥርስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከእሳቸው ዘንድ አምስት ዓመት ቆይቼ አዲስ አበባ አንድ ቲያትር ቤት የአልባሳት ክፍል ተቀጠርሁ። ስለ ደሞዙ አታንሱብኝ፤ በቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለው ማኅተም ከደሞዙ ይበልጥ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ንጉሥ ሁሉ ቀይ ከፋይ ይልበስ የሚሉ ሰው ናቸው። የየትኛውም ዘመን ንጉሥ ይሁን፣ ምርኮኛ ንጉሥ እንኳ ቢሆን፣ ቀይ ከፋይ። ሁለተኛዋ አለቃዬ ደግሞ ቁልፍ ሲጠፋ እንባ የሚቀድማቸው ደግ ሴት ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት ሸማ በሻይ ማቅለም፣ ቆዳ በአመድ ማሸት፣ አዲስ በርኖስ በሻካራ ድንጋይ ፈትጎ የአሥር ዓመት ማስመሰል ተማርሁ። እጄ ሲፈታ አንገቴም አብሮ ቀና አለ። እውነቱን ልናገርና፣ ትዕቢት ገብቶብኝ ነበር። ጋሽ ደስታ ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ፤ ምስማራቸውንና በርጩማቸውን ግን ከረሳሁ ቆይቼ ነበር።

ፊልሙ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሰሎሞን የሚባል ወጣት ዳይሬክተር የጽሑፉን ጥራዝ ብብቱ ሥር ይዞ ክፍሌ ድረስ መጣ። ታሪኩ የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። የአንዲት ትንሽ የአውሮፓ አገር የሌጋሲዮን፣ የኤምባሲ መሆኑ ነው፣ ጸሐፊ ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ሳይወጣ ይቀራል። አርበኞች ለውጭ መንግሥታት የጻፉት ደብዳቤ በእሱ እጅ ነው። ጣሊያኖች በየቦታው ይፈልጉታል፤ አንድ የአንኮበር ቄስ ከቤታቸው ይሸሽጉታል። የገዛ መንግሥቱ በአደባባይ «እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም» እያለ፣ በስውር ግን ጅቡቲ ላይ ሰው አስቀምጦ ይጠብቀዋል። ከአንኮበር ቁልቁል አውርደው፣ በረሃውን አሻግረው የሚያደርሱት የአልዩ አምባ እስላም ነጋዴዎች ናቸው። ቄሱም ነጋዴዎቹም ወረቀት ላይ ያሰፈሩት ነገር የለም፤ በአፍ የቆየ ታሪክ ነው።

የፊልሙ እምብርት የቁልቁለቱ መንገድ ነበር። ጸሐፊው እንደ በሽተኛ ተጠቅልሎ፣ በቃሬዛ ተጭኖ፣ በአራት ሰው ትከሻ የጣሊያንን ኬላ ያልፋል። «ይኼ ትዕይንት ከተበላሸ ፊልም የለንም» አለኝ ሰሎሞን። ካሜራው ለአሥር ቀን ብቻ ነው የተገኘው፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ለሌላ ሥራ ይሄዳል፣ ደግሞ ማግኘት የማይታሰብ ነው።

ጸሐፊውን ሆኖ የሚሠራው ኒኮ ነው። አያቶቹ ከግሪክ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን ፒያሳ ተወልዶ ጋራዥ ውስጥ ያደገ መካኒክ ነው። መልኩ ፈረንጅ፣ አፉ የሰፈር ልጅ። «እትዬ ጽጌ፣ ከሁሉ የከበደኝ አማርኛ አለመቻል ነው» ይለኝ ነበር።

ወደ አንኮበር ስንሄድ በደብረ ብርሃን አለፍን። የጋሽ ደስታ ሱቅ ጫማ መሸጫ ሆኗል። ምስማሩ ግን በራፉ ላይ እንዳለ ነው፤ በመኪናው መስኮት አየሁት። ወርጄ ልሳለመው አሰብሁና፣ ቸኩለናል ብዬ ተውሁት።

ለቃሬዛው የሚሆነውን ጋቢ አዲስ አበባ እያለሁ ነበር ያዘጋጀሁት። ስምንት ቀን በሻይ ነክሬ፣ አሽቼ፣ አስጥቼ። የአንኮበር ፀሐይ ላይ ሳወጣው ግን በሻይ የተነከረ ጋቢ መስሎ ቁጭ አለ። በጣም ተናደድሁ። በዚህ መሀል ከአገሬው ከተመለመሉት ከአራቱ ተሸካሚዎች አንዱ፣ ግርማ የሚባል ሳቂታ ጎበዝ፣ ጋቢውን ደርቦ መጣ። ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ፣ ቀኝ ትከሻው ላይ የሳሳ፣ ጠርዙ በእጅ የተዘመዘመ። እንዲህ ያለውን ዘመን ይሠራዋል እንጂ ሰው አይሠራውም።

«ወንድሜ፣ ይህን ጋቢ ለዛሬ አውሰኝ» አልሁት።

«እናቴ የፈተለችው ነው፤ እንዳይቀደድ ብቻ» ብሎ አውልቆ ሰጠኝ።

ግርማን በተራው ሽርጥ አስታጠቅሁት፣ ጥምጥም ጠመጠምሁለት፣ ጢም ለጠፍሁበት፣ ፍጹም የአልዩ አምባ ነጋዴ አደረግሁት። ወደ ኋላ ሸሸት ብዬ አየሁትና፣ «አሁን የገዛ እናትህ አታውቅህም» አልሁት። ከአፌ ባይወጣ ምን ነበረበት።

ሰሎሞን የኒኮ ፊት እንዲሸፈን ፈለገ። «ጣሊያኖች ነጭነቱን እንዳያዩ» አለ፤ ጽሑፉም እንደዚያው ይላል። እኔም ሸፈንሁት። እጥፉን አንድ በአንድ አስተካክዬ፣ በካሜራው ቀዳዳ አጮልቄ አየሁት። ከተራራው ጥላ ሥር ነጩ ጋቢ ልብ ይሰርቃል። ሁላችንም ተደሰትን።

አሁን፣ ይህን እኔ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። በእኛ አገር በሽተኛ በቃሬዛ ሲሄድ ፊቱ አይሸፈንም። ብርድ እንዳይመታው ቢጠቀለል እንኳ ዓይኑና አፍንጫው ይታያል። ተሸፍኖ የሚሄደው የሞተ ሰው ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ቸኩዬ ነበር፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የካሜራውን ቀዳዳ አይቼ መንገዱን ሳላየው ቀረሁ።

የግርማ እናት እማማ አጸደ ቤታቸው ከመንገዱ በላይ፣ ከተዳፋቱ ጫፍ ላይ ነው። ገብስ ሊያሰጡ ደጅ ወጥተው ወደ ታች ቢመለከቱ አራት የማያውቋቸው የቆላ ሰዎች ሬሳ ተሸክመው ያልፋሉ። በሬሳው ላይ ያለው ደግሞ በገዛ እጃቸው የፈተሉት ጋቢ ነው። የራሷን ፈትል የማታውቅ ሴት የለች። ልጃቸው ጠዋት ያንን ጋቢ ለብሶ፣ «ፊልሞቹ ዘንድ ልሂድ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው ሥራው» ብሏቸው ነበር የወጣው።

ጩኸታቸውን እስካሁን እሰማዋለሁ። ቁልቁል ሮጡ። የእርከኑ ድንጋይ ከሥራቸው ተንሸራተተና ወደቁ፤ በቀኝ እጃቸው ላይ ወደቁ።

ግርማ ጢሙን መንጭቆ፣ «እማ፣ እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» እያለ የቃሬዛውን ጫፍ ለቀቀ። ኒኮ ተንከባልሎ ሣሩ ላይ ወደቀና ጋቢውን ገፎ ብድግ አለ። ለቅሶ ሰምተው ደረት እየመቱ የመጡት ጎረቤቶች፣ ነጭ ሬሳ ከቃሬዛ ላይ ሲነሣ ሲያዩ ያለ ነጠላቸው በየአቅጣጫው ፈረጠጡ። ዛሬ ሳወራው ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን ያየሁት እማማ አጸደን ብቻ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብለው በግራ እጃቸው የልጃቸውን ፊት ይዳብሳሉ፤ ቀኛቸው ተንጠልጥሎ ነበር።

ወጌሻ መጥቶ አንጓቸውን አሰረ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ለሰሎሞን አጭር ነገር ነገሩት፤ «አጸደ በአፏ ይሁን ካላለች በዚህ መንገድ ቃሬዛ አያልፍም።» ቁልቁል የሚያወርድ ሌላ መንገድ ደግሞ የለም። አራተኛው ቀን ነበር።

ሰሎሞን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥራዙን ያገላብጣል። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ በቀለለኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጋቢውን የወሰድሁት እኔ፣ ፊቱን የሸፈንሁት እኔ፣ ልጁን ከእናቱ ዓይን የሰወርሁት እኔ። በሥራዬ የማውቀው ሁሉ ተሰብስቦ አንዲት እናት ላይ ወደቀ። ፊልሙ ቢቀር ይቅር፣ የሴትየዋን ዓይን እንዴት ነው የማየው እያልሁ እህል ሳልቀምስ ዋልሁ።

በማግሥቱ ሐጂ ይመር በበቅሎ መጡ። የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው፤ በጎረምሳነታቸው ያንን ጸሐፊ ከተሸከሙት ከአራቱ አንዱ ናቸው፣ የቀሩትም እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰሎሞን ሥራውን አይተው እንዲመርቁለት ነበር የጋበዛቸው። ቀረጻ ይታያል ብለው ሲመጡ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ አገኙት። ነገሩን ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ አልባሿ?»

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ።»

«ተነሺ እንጂ። ሽምግልና ቤት ድረስ አይመጣልሽም።»

የደብሩን ቄስ ይዘው፣ እኔንና ሰሎሞንን አስከትለው ወደ እማማ አጸደ ቤት ወጡ። እማማ አጸደ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ የታሰረው እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው፣ ከጎናቸው የጥጥ ሙዳይና እንዝርት። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በግራ እጃቸው ከለከሉኝ።

«ቆይ። መጀመሪያ ስሚኝ። ልጄ አልሞተም፤ ተመስገን። እኔ ግን ሞቷል ብዬ አልቅሻለሁ። ከዚህ እስከዚያ ታች ስወርድ ቀብሬዋለሁ። ይህን ማን ይመልስልኛል?»

«ማንም አይመልስልዎትም፣ እማማ። ጥፋቱ የእኔ ነው» ብቻ አልሁ። አለቀስሁም።

እማማ አጸደ ጥጡን አዩና፣ «ይህን ጋቢ ለግርማ መኸር ሳይገባ ልጨርስለት ነበር። በዚህ እጄ እንዴት አድርጌ ነው የምፈትለው?» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ልብስ ሰፊ አይደለሽ? በይ ፍተዪ።»

እንዝርቱን አነሣሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ንጉሥ ያለበስሁ ሴት ነኝ፣ እንዝርት ግን ይዤ አላውቅም። ስስበው ይበጠሳል፣ ሳዞረው ያመልጠኛል፣ ክሩ አንድ ቦታ ገመድ አንድ ቦታ ጸጉር ይሆናል። እንዝርቱ ከእጄ አምልጦ የሐጂ ይመር እግር ሥር ተንከባለለ። እማማ አጸደ ከንፈራቸውን ነክሰው ታገሱ፣ ታገሱና መጨረሻ ላይ ፈነዱ። እስከ እንባቸው ሳቁ።

«ኧረ በወላዲት አምላክ፣ ይቺ ናት የአገር ልብስ ሰፊ? ይህ ክር ለድር አይሆንም፣ ለማግም ጎርባጣ ነው።»

«ለማግ ይሁንልኝ፣ እማማ» አልሁ።

«ይሁን» አሉ። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ቃል በዚህ አኳኋን ከአፋቸው ወጣ። ከዚያ ግን ጣታቸውን ቀሰሩ። «በዚያ ጋቢ ዳግመኛ ፊት ብትሸፍኚ ግን አንላቀቅም።»

ሐጂ ይመር በዚህ ጊዜ ነው በርጩማቸውን ወደፊት የሳቡት። «ለመሆኑ ፊቱን ሸፍነነው ነበር ብሎ ማን ነገራችሁ?» አሉ ወደ ሰሎሞን ዞረው።

«ጽሑፉ ላይ… ነጭነቱ እንዳይታይ…»

«ወላሂ፣ ሸፍነነው ቢሆን ኖሮ ኬላው ጋ አንደርስም። ሬሳ ከአንኮበር ወደ ቆላ ምን ሊያደርግ ይወርዳል? ቀባሪ ይከተላል፣ ለቀስተኛ ይከተላል፣ የማን ልጅ ነው ይባላል። እኛ የወሰድነው በሽተኛ ነው። መጋኛ መትቶት፣ ቆላ ፍል ውኃ ልናስገባው። ፊቱ ግልጥ ነበር።»

«ታዲያ መልኩስ?»

«እምነት ነዋ» አሉ ሐጂ፣ ወደ ቄሱ እየጠቆሙ። «የእሳቸው አባት የቤተ ክርስቲያኑን አመድ፣ በጠበል የተለወሰውን እምነት፣ ፊቱን፣ አንገቱን፣ እጁን ለቀለቁት። እምነት የተቀባ በሽተኛ ሁሉ መልኩ አንድ ነው። ዓይንህን እንዳትገልጥ አልነው፤ አልገለጠም።»

ከዚያ ያወሩት ነገር ጽሑፉ ላይ የለም። ከአንኮበር ሲነሡ አራት ነበሩ፤ ግን ቃሬዛ ያገኘ መንገደኛ ሸክሙን አውርዶ ተራ ሳይገባ ማለፍ ነውር ነው። ጨው ጫኝ ገባበት፣ እንጨት ተሸካሚ ገባበት፣ ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ገባበት። ማንን እንደ ተሸከሙ አያውቁም፤ የታመመ ሰው ነው፣ በቃ። ኬላው ጋ ሲደርሱ ጣሊያኑ ቀረብ ብሎ ያንን አመዳም ፊት አየና እጁን አወናጨፈ። አጠገቡ የቆመው ባንዳ ግን ጠመንጃውን ከግድግዳው አስደግፎ መጣ።

«አለቀልን ብዬ ሸሃዳዬን ያዝሁ» አሉ ሐጂ። «ሰውየው ግን ለካ ተራ ሊገባ ነው። ‹ወዲህ በለው፣ አንተ ልጅ ደክሞሃል› ብሎ ከእኔ ትከሻ ላይ አነሣው። ጣሊያኑ ይጮኽበታል፣ እሱ ወይ ፍንክች። እስከ መጠምዘዣው ሸኘንና ‹እግዜር ይማረው› ብሎ ተመለሰ። ምን ያድርግ፣ ወግ ነዋ።»

ሰሎሞን ጥራዙን ጨብጦ፣ «ግን እኮ እኔ የጻፍሁት…» ማለት ሲጀምር እማማ አጸደ አላስጨረሱትም።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» ሲሉ ሐጂ ይመር በሳቅ ወደቁ፤ ሰሎሞንም ቀይ ሆኖ ጥራዙን አጠፈው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ሠርግ ነበሩ ብል አላጋነንሁም። ቀን ቀን ሌላውን ትዕይንት እንቀርጻለን፣ በዕረፍት ሰዓት እኔ እማማ አጸደ ዘንድ ወጥቼ እፈትላለሁ፣ እሳቸው ይስቁብኛል። አሥረኛው ቀን የገበያ ቀን ነበር፤ የቃሬዛውን መንገድ ለዚያ ቀን አቆየነው። ቄሱ «እምነቱን ለጨዋታ አልሰጥም» አሉ፤ ልክ ናቸው። እማማ አጸደ፣ «የምድጃ አመድ መች ጠፋ» ብለው በአንድ እጃቸው አመድና ነጭ አፈር በውኃ ለወሱና ኒኮን ራሳቸው ቀቡት።

«እማማ፣ አፍንጫዬን እንኳ ያስተርፉልኝ» ይላል ኒኮ።

«ዝም በል፣ በሽተኛ አይለፈልፍም።»

ኒኮ ያንኑ የግርማን ጋቢ እስከ አገጩ ለበሰ፣ ፊቱ ተገለጠ። ካሜራው ከድንጋይ ካብ ኋላ ተሸሸገ። ሰሎሞን እጁን ሊያወርድ ሲል እኔ መንገዱ ዳር ድንጋይ ፈልጌ፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ተቀመጥሁ።

«እትዬ ጽጌ፣ አያዩም እንዴ?»

«አላይም። አዳምጣለሁ።»

ቃሬዛው ተነሣ። መጀመሪያ የሰማሁት የአራቱን ኮቴ ነው። ቀጥሎ ከታች ከአልዩ አምባ በኩል የሚመጣ የአህያ ኮቴ። አህያው ቆመ። የጭነት ገመድ ሲላላ፣ ከረጢት መሬት ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። እነዚህ የእኛ ተዋንያን አይደሉም፤ ፊልም የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ያልሰሙ መንገደኞች ናቸው።

«ቢስሚላህ። ወዲህ በለው ወንድሜ፣ ተራ አስገባኝ» አለ አንድ የቆላ ሰው።

«ምስኪን፣ የማን ልጅ ይሆን? ፊቱ እንዴት ገርጥቷል» አለች አንዲት ሴት። «እግዜር ይማረው።»

ሌላ ሰው ገባ፣ ሌላም። ሰሎሞን «በቃ» ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለም። አጠገቤ ሐጂ ይመር በትራቸውን ተደግፈው፣ «ይኸው፣ ይኸው፣ እንዲህ ነበር» እያሉ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። ግርማ ባዶ ትከሻውን እያሻሸ እየሮጠ መጣና፣ «እትዬ፣ ቃሬዛውን ቀሙን እኮ። ኒኮን ይዘውት ሄዱ» አለኝ። መንገደኞቹ ከካሜራው ዓይን እስኪያልፉ ቃሬዛውን አልለቀቁም ነበር።

በመሀሉ፣ ቃሬዛው ከእማማ አጸደ ቤት በታች ሲያልፍ፣ የማውቀው ድምፅ ከላይ ወረደ። አመዱን በገዛ እጃቸው የለወሱት፣ ኒኮ ጤነኛ መካኒክ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቁት እማማ አጸደ ናቸው። ደጃቸው ላይ ቆመው፣ የታሰረ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እግዜር ይማርህ፣ ልጄ» አሉ።

ኒኮም ዓይኑን ሳይገልጥ፣ አማርኛ የማይችለው ፈረንጅ፣ ጥርት ባለ አማርኛ «አሜን» አለ።

ሰሎሞን ፊልሙን ሳርም ያንን «አሜን» እቆርጠዋለሁ ብሎ ነበር። ሐጂ ይመር፣ «ተወው፤ የኛውም ሰውዬ በመጨረሻው እንደዚያ ብሏል» አሉትና ተወው። እውነታቸውን ይሁን ለኒኮ አዝነው፣ ዛሬም አላውቅም። ፊልሙ ደብረ ብርሃን ሲታይ አዳራሹ እዚያ ቦታ ላይ ሳቀ፣ ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «አሜን» አለ፣ ቀጥሎም ግማሹ አዳራሽ። እኔ ከፊት ተቀምጬ ጀርባዬን ለሕዝቡ ሰጥቼ ነበር የማዳምጠው። ሲያበቃ ወጥቼ ወደ ጋሽ ደስታ በራፍ ሄድሁና ምስማሩን በእጄ ነካሁት። የጫማ ሻጩ ምን ሆነች ብሎ አየኝ።

መኸር ካለፈ በኋላ ግርማ አዲስ አበባ ድረስ አንድ ጥቅል አመጣልኝ። አዲስ ጋቢ ነው። «የእኔ ሊሆን ነበር፤ እማ ሐሳቧን ቀየረች። ‹ጎርባጣው ያንቺ ነው በላት› ብላለች» አለኝ። የእማማ አጸደ እጅ ድኗል፣ ድሩ ሁሉ የእሳቸው ነው። እኔ የፈተልሁት ማግ ወደ ጠርዙ በኩል በሦስት ቦታ አልፏል። አሁን ዓይኔ አያየውም፤ ብርድ ሲሆን ደርቤው ስቀመጥ ግን ጣቴ ፈልጎ ያገኘዋል።